የመኪና መስታወት ጥቁረትና የሕግ ልኬቱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ፣ የአሜሪካን ዋና ከተማ ዋሽንግተንን አቋርጦ አሌክሳንድሪያ የሚደርስ አሽከርካሪ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት የሕግ ግዛቶችን ያልፋል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት፣ ብዙዎችም በታክሲ ሥራ በሚተዳደሩበት በዚህ አካባቢ፣ የመኪና መስታወት ምን ያህል መጥቆር እንደሚችል ሦስቱ ግዛቶች የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። ሜሪላንድ የቤት አውቶሞቢል የጎን መስታወት ቢያንስ 35 በመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ላሉት የፊት መስኮቶች 50፣ ለኋለኞቹ 35 በመቶ ደንግጋለች። ዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ለፊተኞቹ 70፣ ለኋለኞቹ 50 በመቶ ትላለች። የሰው ዓይን በሦስቱም ሥፍራ ያው ዓይን ሆኖ ሳለ ቁጥሮቹ ለምን ተለያዩ? ቁጥሩስ የሚለካው ምንን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ብናስቀድም የመጀመሪያው ይቀልልናል።

የሚለካው ምንድን ነው?

በእነዚህ ሕጎች የተጠቀሰው ቁጥር መስታወቱ ያሳለፈው እንጂ የከለከለው ብርሃን መጠን አይደለም። በመሆኑም ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስታወቱ ይበልጥ ጥቁር ነው። ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በሌሎች አገሮች ቁጥሩ ተገልብጦ ይነገራልና። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የማጥቆሪያውን ጣሪያ ከ30 ወደ 50 በመቶ ከፍ ስታደርግ፣ የጨመረችው የሚከለከለውን ብርሃን ነበር። ስለዚህ ዱባይ ውስጥ «30 በመቶ» የሚባለው መስታወት ከመጣው ብርሃን 70 እጁን ያሳልፋል፤ በዋሽንግተን አካባቢ «30 በመቶ» ሲባል ግን የሚያልፈው 30 እጁ ብቻ ነው።

ብርሃን ሁሉ እኩል እንደማይቆጠርም ልብ ይሏል። ዓይናችን በቀን የበለጠ የሚሳበው 555 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ወዳለው አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ስለሆነ፣ ልኬቱም ለዚህ ክፍል የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ለዓይን የማይታየው ጨረር ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ወደ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ የማይታየው ኢንፍራሬድ (ታሕታይ ቀይ) ጨረር ሲሆን፣ መኪናን ከሚያግሉት አንዱ እሱ ነው። በመሆኑም ኢንፍራሬድን ለይቶ የሚከለክል፣ ለዓይን ግን ነጣ ያለ የሴራሚክ ፊልም በቀለም ብቻ ከጠቆረ ርካሽ ፊልም የተሻለ ሊያቀዘቅዝ ይችላል። «ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ይከላከላል» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስለ አልትራቫዮሌት ጨረርም እንዲሁ ነው። የፊት ለፊቱ መስታወት በሁለት ንብርብሮች መካከል ፕላስቲክ ስላለው ይህን ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፤ ነጠላ የሆነው የጎን መስታወት ግን የተወሰነውን ያሳልፋል። ለቆዳው የሚጨነቅ ሰው ይህን ጨረር የሚያግድ ንጹሕ ፊልም ቢያስለጥፍ ይበቃዋል፤ ጥቁረት አያስፈልገውም።

ቁጥሩን የሚወስነው ሌሊት ነው

በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የብርሃኑ መጠን 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል። 35 በመቶ የሚያሳልፍ መስታወት ከዚህ ውስጥ 35,000 ሉክስ ያስቀርልናል፤ ይህም በአንድ ቢሮ ውስጥ ከሚበራው መብራት በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በቀን የሚነዳ ሰው «እኔ በደንብ ይታየኛል» ቢል አልዋሸም። መንገዱን የሚያበራው የጎዳና መብራት 10 ሉክስ ብቻ በሚሆንበት ምሽት ግን ያው መስታወት 3.5 ሉክስ የሚያህል ብርሃን ይተውለታል።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ፊልሙ የሰውዬውንም ከጀርባው ያለውን ግድግዳም ብርሃን በእኩል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ንጽጽር አይለወጥም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ያለው ዓይን ውስጥ ነው። ብርሃን እየቀነሰ ሲሄድ ዓይን አንዱን ጥላ ከሌላው ለመለየት የሚፈልገው ልዩነት እየሰፋ ይመጣል። ጥቁር ካፖርት የለበሰ እግረኛ በጥቁር አጥር ፊት ቢቆም፣ በ10 ሉክስ በጭንቅ የሚለይ የነበረው በ3.5 ሉክስ ከነአካቴው ሊሰወር ይችላል። የዕድሜም ጉዳይ አለ፤ የዓይን ብሌን እየጠበበ፣ ሌንሱም እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ የስድሳ ዓመት ሰው ሬቲና ከሃያ ዓመት ወጣት ሬቲና አንድ ሦስተኛ ያህል ብርሃን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሕጎቹ የፊት የጎን መስኮቶችን ከኋለኞቹ ይልቅ የሚያጠብቁትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሾፌር የጎን መመልከቻውን የሚያየው፣ ሲታጠፍም እግረኛውን የሚፈልገው በእነዚህ በኩል ነውና።

ከውጭ የሚያየውስ?

ይህ ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚያይ ሰው ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚያይ ግን ሂሳቡ ይከፋል። በጎን መስኮት የገባ ብርሃን የሾፌሩን ፊት ነክቶ ወደ እኛ ለመመለስ ፊልሙን ሁለት ጊዜ መሻገር አለበት። 70 በመቶ በሚያሳልፍ መስታወት 49፣ በ35ቱ 12፣ በ20ው ደግሞ 4 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ ከዚህም የሾፌሩ ፊት የሚያንጸባርቀው ከፊሉን ነው። በአንጻሩ የመስታወቱ የውጭ ገጽ ብቻውን ከሰማይና ከሕንፃ የሚመጣውን ብርሃን 4 በመቶ ያህል ወደ እኛ ይመልሳል። ፊቱን የሚሸፍንብን ይህ ነጸብራቅ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች መሻገር ብዙ ጊዜ በእግረኛውና በሾፌሩ መተያየት የሚፈጸም ስምምነት መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የዚህ ትርጉም ግልጽ ይመስለኛል፤ መኪናው ይታያል፣ የሾፌሩ ሐሳብ ግን አይታይም።

ቁጥሮቹ ለምን ተለያዩ?

ፊዚክስ የሚያሳየን ቁልቁለት እንጂ ገደል አይደለም። ከ70 ወደ 35 ስንወርድ ማየት በድንገት የሚቆምበት ነጥብ የለም። ቁልቁለቱ ላይ የት እንቁም የሚለውን የሚወስነው ሕግ አውጪው ሲሆን፣ ሚዛኑ ላይ ሙቀት፣ የግል ነጻነት፣ የእግረኛ ደኅንነትና መኪናውን አስቁሞ ለሚቀርበው ፖሊስ ያለው አደጋ ይቀመጣሉ። የአሜሪካ ፌዴራል መለኪያ ለሾፌሩ እይታ አስፈላጊ የሆኑት የአዲስ መኪና መስታወቶች ቢያንስ 70 በመቶ እንዲያሳልፉ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈውን ግን ግዛቶቹ ይወስናሉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሥራ ላይ ለዋሉ መኪኖች የፊቱን 75፣ የፊት ጎኖቹን 70 በመቶ አድርጋለች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ማንኛውም ፊልም እንዲነሳ እስከማዘዝ ደርሶ ነበር። በሌላ በኩል በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች እንደ ሉፐስ ያለ ሕመም ላለበት ሰው በሐኪም ማስረጃ ጠቆር ያለ መስታወት ይፈቅዳሉ።

ለገዢ የሚጠቅም ሂሳብ

ሕጉ የሚመለከተው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ፊልሙና መስታወቱ ተደርበው የሚያሳልፉትን ነው። ከፋብሪካ የወጣ የፊት ጎን መስታወት ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ 75 በመቶ ያሳልፋል እንበል። በላዩ «50» የሚል ፊልም ቢለጠፍ ሁለቱ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፦ 0.75 ሲባዛ በ0.50፣ 37.5 በመቶ። ባለመኪናው በፊልሙ ማሸጊያ ላይ ያነበበው ቁጥር ከቨርጂኒያ ሕግ ጋር አንድ ነው፤ የብርሃን መለኪያው መሣሪያ ግን ጥፋተኛ ይለዋል፤ ለማስለጠፍ የከፈለውን ገንዘብ ለማስላጥ ይደግመዋል።

መፍትሔው ሕጉ የሚጠይቀውን ቁጥር መስታወቱ ለሚያሳልፈው ማካፈል ነው። ለቨርጂኒያ የፊት መስኮት 50 ለ0.75 ሲካፈል 67 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 70 ፊልም ያስኬዳል። ለሜሪላንድ 35 ለ0.75 ሲካፈል 47 ነው፤ ባለ 50ው ይበቃል። ለዋሽንግተን ከተማ ግን 70 ለ0.75 ሲካፈል 93 ይመጣል። ያን ያህል የሚያሳልፍ ፊልም ደግሞ መለጠፉም የማይታወቅ ነው።