«ዴቨስቴት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉምና አጠቃቀም

በአሶሳና በአካባቢው የሚኖር ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ታሪኩንም ሆነ ሳይንሱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የአፍ መፍቻው በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦ ወይም ኮሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ለብዙዎቹ አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እንግዲህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ሲፈታ የተማሪው ችግር እጥፍ ይሆናል። «ዴቨስቴት» የተባለው ግሥ ለዚህ ምሳሌ ነው።

የግሡ ምንጭ ላቲን ሲሆን፣ ሥሩም ባዶ ወይም ወና ማለት ነው። ስለዚህ «ባድማ አደረገ» ወይም «አወደመ» ከሚለው አማርኛ ጋር ይቀራረባል። «አጠፋ» ተብሎ ቢፈታ ግን ያሳስታል፤ በአማርኛ ኩራዝም ይጠፋል፣ ልጅም ያጠፋልና። ተማሪው ኩራዙን «ዴቨስቴት» አደረግሁት ብሎ ቢጽፍ ጥፋቱ የፍቺው እንጂ የእርሱ አይደለም።

የጉዳትን ደረጃ ከአካባቢው ኑሮ ማሳየት ይቻላል። የቀርከሃ አጥር በከፊል ቢሰበር «ዳሚጅ» ይባላል። አንድ ጎጆ ተቃጥሎ አመድ ቢሆን «ዲስትሮይ» ነው። እሳት የቀርከሃውን ደን፣ አዝመራውንና መንደሩን ቢያዳርስ ግን «ዴቨስቴት» ተገቢ ይሆናል። ግሡ የጥፋቱን ክብደት ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ያመለክታል።

ሆኖም ፈጽሞ መጥፋትን የግድ አያመለክትም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን፣ ደስታ የተባለው በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ታጣ፤ ረኃብም ጸና። ይህ በእንግሊዝኛ «ዴቨስቴት» ተብሎ ቢጻፍ አንድም ከብት አልተረፈም ማለት አይደለም። ቃሉን እንዲያ የተረዳ ተማሪ ግን ከብቱ በኋላ ከየት እንደረባ ሲጠየቅ መልስ ያጣል።

ግሡ በተደራጊ መልኩ ለሰው ሲነገር ደግሞ ብርቱ ሐዘንን ይገልጻል። ልጇ የሞተባት እናት «ዴቨስቴትድ» ሆነች ቢባል፣ «ቅስሟ ተሰበረ» ማለት እንጂ «ወደመች» ማለት አይደለም።

ከዚህ በመነሣት መምህሩ ሁኔታውን አስቀድሞ ተማሪዎቹ በአፍ መፍቻቸው እንዲገልጹት፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉት ቢያደርግ ይጠቅማል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም በቃላት መፍቻው ውስጥ ከፍቺው ጎን ቢያንስ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን፣ አንዱን ስለ አገር፣ ሌላውን ስለ ሰው፣ ሊያኖሩ ይገባል። አለዚያ ተማሪው የታሪክና የሳይንስ ዕውቀት እያለው፣ በቃል ፍቺ ብቻ ይወድቃል።