ስለ «ዩቢኲቲን» እና ስለ ኢንዛይሞቹ አሰያየም

የባዮኬሚስትሪ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ዩቢኲቲንን «የሞት ማኅተም» ሊሉት ይዳዳቸዋል። ስያሜው ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን የነገሩን ግማሽ ስለሚያስቀር ልንቀበለው አንችልም።

ዩቢኲቲን 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕያዋን ሁሉ ዘንድ ይገኛል ተብሎ ስለ ታመነ፣ «በየስፍራው» የሚል ፍች ካለው የላቲን ቃል ስም ወጣለት። ኋላ ግን ኑክሊየስ ያላቸው ሕዋሳት እንጂ ባክቴሪያዎች በተለምዶ የሌላቸው መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ በግዕዙ «ኵለሄ» እንተካው ብንል ስሕተቱንም አብረን መተርጎማችን ነው፤ «ምሉእ በኵለሄ» የሚባለውም ፈጣሪ ስለ ሆነ ለፕሮቲን አይስማማም። ቃሉን በውሰት መያዝ ይሻላል። ፊደላችን «ኲ» እያለው «ኩዊ» ብሎ በሁለት ሆሄ መጻፍም አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት የተሰጣቸው አሮን ቼኻኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኢርዊን ሮዝ እንዳሳዩት፣ ዩቢኲቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር የሚያያዘው በሦስት ኢንዛይሞች ቅብብሎሽ ነው። አንደኛው ከኤቲፒ ባገኘው ኃይል ዩቢኲቲንን ያሰናዳል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ ያሻግራል፤ ሦስተኛው ዒላማውን ፕሮቲን ይለያል። «አነቃቂ» ዕፅን ስለሚያስታውስ ለአንደኛው «አሰናጂ»ን፣ ለሁለተኛው «አሻጋሪ»ን መርጠናል።

ክርክር ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። የውጭ ስሙ «ማሰር» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ስለ ሆነ «አሳሪ» ሊባል፣ ምልክቱን የሚያነሣው ኢንዛይም ደግሞ «ፈቺ» ሊባል ይቻል ነበር። ጥንዱ ያማረ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ሰዓትም ጠመንጃም ይፈታል፤ «ፈቺ» ስንል ኢንዛይሙ ፕሮቲን የሚበታትን ይመስላል። እርሱ ግን ዩቢኲቲኑን ሳይጎዳ ያነሣዋል፤ ዩቢኲቲኑም ዳግመኛ ሥራ ላይ ይውላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ይህን ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት ዒላማውን ለጥፋት ሊያጋልጥ ሲችል፣ «ፈቺ»ን ያነበበ ሐኪም ፕሮቲኑን የሚያተርፍ መድኃኒት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ «አላቃቂ» እንላለን።

ለአንጻሩ «አያያዥ» ይስማማል። «አያያዘ» የ«ያዘ» አደራራጊ አምድ ነው፤ አድራጊው ራሱ መያዙን ሳይሆን ሁለት ነገሮች እንዲያያዙ ማድረጉን ያመለክታል። በሰው ዘንድ ከ600 በላይ ናቸው ተብለው ከሚገመቱት ከእነዚህ ኢንዛይሞች የሚበዙት ሥራቸው ይኸው ነው፤ ዩቢኲቲንን ራሳቸው ሳይቀበሉ አሻጋሪውንና ዒላማውን ያቀራርባሉ። (ተቀብለው የሚያስተላልፉም አሉ፤ ስሙ እነርሱንም አይከፋቸውም።)

ወደ «ሞት ማኅተም» እንመለስ። ዩቢኲቲኖች እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ። በ48ኛው ላይሲን በኩል የተያያዘው ሰንሰለት ፕሮቲኑን በአብዛኛው ወደ ፕሮቲአሶም፣ ማለትም ወደ ሕዋሱ ፕሮቲን ከታፊ ይመራዋል፤ በ63ኛው ላይሲን በኩል የተያያዘው ግን ለዲኤንኤ ጥገናና ለመልእክት ማስተላለፊያ ያገለግላል። በሰው ዘንድ 100 ያህል የሆኑት አላቃቂዎችም የሞት ምልክቱን አንሥተው ፕሮቲኑን ሊያተርፉት ይችላሉ። ስለዚህ ጽሑፉ የሰንሰለቱን ዓይነት ካልገለጸ፣ ተርጓሚው «ዩቢኲቲን ተያያዘበት» ብቻ ይበል፤ «ለጥፋት ታጨ» የሚለውን በ48ኛው ላይሲን ለተሠራው ያቆየው።