ቤተ ልሔም (ጋይንት)

ቤተ ልሔም በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በጋይንት የሚገኝ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና የድጓ ማስመስከሪያ ጉባኤ ቤት ነው። ጋይንት ከስማዳ ጋር የዞኑ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ቦታው በተለይ በሁለት ነገሮች ይታወቃል፤ እነሱም ዜማውና በክብ ክዳን ሥር የተሸፈነው ሕንጻው ናቸው።

ሕንጻው

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲታይ እንደ ሌሎቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆኖ የሣር ክዳን ነበረው። ከክዳኑ ሥር ግን ከዚያ እጅግ የሚቀድም ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ አለ። ይህ ሕንጻ የአክሱምን የአሠራር ዘዴ የተከተለ ነው። በዚህ ዘዴ የድንጋይ ረድፍና አግድም የተጋደመ እንጨት እየተፈራረቁ ግድግዳው ይነሣል። ረጃጅሞቹን እንጨቶች አጫጭር ግንዶች ያያይዟቸዋል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት ክብ ቅርጾች የእነዚህን ግንዶች ጫፍ የሚመስሉ ናቸው። የዚህ ዘዴ ሌሎች ታዋቂ ምሳሌዎች ደብረ ዳሞና ይምርሐነ ክርስቶስ ናቸው።

በጽሑፍ መታወቁ

አየርላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ፓኬንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቤተ ልሔምን ጎበኘ። ስለ ጉዞውም «የራሴላስ ተራሮች» የተባለውን መጽሐፍ በ1959 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በውጭ አገር ጽሑፎች ሕንጻውን ፓኬንሃም «እንዳገኘው» ይነገራል። ይሁን እንጂ ቦታው ለካህናቱና ለድጓ ተማሪዎች ጠፍቶ አያውቅም፤ አዲስ የሆነው ለውጭ ተመራማሪዎች ነው።

ዜማው

የቅዱስ ያሬድ ድጓ በተለያዩ ስልቶች ይዜማል። ከእነዚህም ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር ይጠቀሳሉ። በስፋት የሚታወቀው ስሙን ከዚህ ቦታ ያገኘው የቤተ ልሔም ዜማ ነው። ተማሪው በሌላ ቦታ ድጓ ቢማርም ለመመስከር ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፣ ቅዳሴ ደግሞ በሰለልኩላ እንደሚመሰከር ሁሉ ማለት ነው።

ከባሳይ ጋር ሲነጻጸር

በግሪክ አገር፣ በአርካዲያ ተራሮች መካከል፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተሠራ የአፖሎ ቤተ መቅደስ አለ። ቦታው ባሳይ ይባላል። ይህም በ1765 እ.ኤ.አ. አንድ ፈረንሳዊ አርክቴክት እስኪደርስበት ድረስ በምሁራን ዘንድ ተረስቶ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ዳንኤል ፖሌ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ መቅደሱ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከዝናብና ከነፋስ እንዲጠበቅ በትልቅ ድንኳን ተሸፍኗል።

ሁለቱም ጥንታዊ ሕንጻዎች በክዳን ሥር ይገኛሉ። ልዩነታቸው በባሳይ አምልኮው ከቆመ ብዙ ዘመን ማለፉ ነው፤ በቤተ ልሔም ግን ቅዳሴውም ትምህርቱም አልተቋረጠም። ስለዚህ ቤተ ልሔምን መጠበቅ ማለት ድንጋዩንና እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ጉባኤ ቤቱንም መጠበቅ ነው። ግድግዳው ቢጎዳ ሊጠገን ይችላል፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል የሚተላለፈው ዜማ ግን አንድ ትውልድ ካልተማረው የሚተካው አይገኝም።