ተጨማሪ መረጃ፦ መሪው ከክፍሉ ሲወጣ

የአመራር ስልት ማለት መሪ ውሳኔ የሚሰጥበትና ሥራ የሚያከፋፍልበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ዋይት በአሜሪካ አዮዋ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። የአሥር ዓመት ልጆች በትንንሽ ክበባት ሆነው ጭምብል መሥራትን የመሳሰሉ የእጅ ሥራዎችን ይሠሩ ነበር። አንዱ መሪ እያንዳንዱን እርምጃ ያዛል፤ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይመክራል፤ ሦስተኛው እንዳሻችሁ ብሎ ይተዋቸዋል። አጥኚዎቹ ልብ ካሏቸው ነገሮች ይበልጥ ትኩረት የሚስበው መሪው ወጣ ሲል የሆነው ነው። በትእዛዝ የሚመሩት ሥራቸውን ቀዝቀዝ ሲያደርጉ፣ ተመካክረው የጀመሩት ግን ቀጠሉ። ክበባቱ መሪ እየተቀያየረላቸው ስለነበር ልዩነቱን በልጆቹ ጠባይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

በሚቀጥለው የቡድን ሥራችሁ አስተባባሪያችሁ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ይበል። ማን ሥራውን ቀጠለ? ማንስ አቆመ? ያያችሁትን ጽፋችሁ በክፍል ተወያዩበት።