የላንቴን ሙዝ ዋጋ ማን ያጠናል?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው ጎዳና ከተማዋ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ግራና ቀኙን የሙዝ ማሳ ያጅበዋል። ላንቴ እዚህ ናት፤ በምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የጋሞ ደጋ ያዋስኗታል። የላንቴ ሙዝ ገና አረንጓዴ እያለ ተቆርጦ የጭነት መኪና ላይ ይወጣል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በዝግ ማብሰያ ቤት ሰንብቶ ቢጫ ሲሆን በጅምላ ነጋዴውና በቸርቻሪው እጅ አልፎ ገዢው ዘንቢል ውስጥ ይገባል።

ላንቴ ያለው ገበሬ ለአንድ ኪሎ የሚቀበለው ገንዘብና አዲስ አበባ ያለው ሸማች ለዚያው ኪሎ የሚከፍለው ገንዘብ በጣም ይራራቃሉ። ልዩነቱ የት ገባ? ለነዳጅ ስንቱ ወጣ? ለደላላው ስንቱ ደረሰ? ተቀጥቅጦና ጠቁሮ የተጣለው ሙዝ ስንቱን በላ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉም ሰው የየራሱ መልስ አለው። ገበሬው ነጋዴውን ይከሳል፣ ነጋዴው መንገዱንና ነዳጁን። መልሱን በግምት ሳይሆን ቆጥሮና መዝኖ የሚፈልግ ባለሙያ ግን አለ፤ የግብርና ፖሊሲ ተመራማሪ ይባላል።

ይህ ባለሙያ ከአግሮኖሚስቱ ይለያል። አግሮኖሚስቱ አፈሩን፣ ተክሉንና ተባዩን ይመረምራል። የፖሊሲ ተመራማሪው የሚመረምረው ሰው ያወጣውን ደንብ ነው፤ የማዳበሪያ አቅርቦትን፣ ብድርን፣ ግብርን፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫን፣ የመስኖ ውሃ ክፍፍልን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሠራርን። አንድ መመሪያ ከወጣ በኋላ የአንድ ቤተሰብ ገቢና ማዕድ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

ሥራው የሚጀምረው ከመጠይቅ ዝግጅት ነው። መጠይቁ ላንቴ ሲደርስ በጋሞኛ መነገር አለበት። ገበሬው መሬቱን በጥማድ፣ ምርቱን በዘለላ ወይም በጭነት ቢናገር ተመራማሪው ወደ ሄክታርና ኪሎ ይመልሰዋል፤ እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው በኋላ የሚሠራው ስሌት ሁሉ ይበላሽበታል። ቤተሰቦቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። ቀበሌው የሚመርጥለትን ሞዴል አርሶ አደር ብቻ አነጋግሮ የተመለሰ ሰው የቀበሌውን ሙሉ መልክ አላየም።

ከዚያ ከባዱ ክፍል ይመጣል። ለምሳሌ የፍራፍሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት አባል ካልሆኑት የተሻለ ገቢ አላቸው እንበል። ገቢያቸውን ያሳደገው ማኅበሩ ነው? ወይስ ድሮውንም ሰፊ መሬትና ለውሃ ቅርብ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው አባል የሆኑት? ሁለቱን መለየት ያልቻለ ጥናት መንግሥትን ያሳስታል። ተመራማሪው በመሬት ስፋት፣ በትምህርትና በውሃ ርቀት የሚመሳሰሉ አባላትንና አባል ያልሆኑትን የሚያወዳድረው፣ ከተቻለም ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የነበሩበትን ሁኔታ የሚመዘግበው ለዚህ ነው።

ጋሞ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም (ኢፍፕሪ) በጣት በሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ገበሬ ማኅበራት የቤተሰብ ጥናት ሲያካሂድ፣ ቀድሞ ጋሞ ጎፋ ይባል በነበረው አካባቢ የምትገኘው ዶማ ከተመረጡት አንዷ ነበረች። ዶማ ድርቅ የሚደጋገምባት የሠፈራ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍልና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ጥናት ማዕከል ሥራውን ወደ 15 መንደሮችና ወደ 1,477 ቤተሰቦች አሰፉት። እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስም ወደነዚያው ቤተሰቦች ደጋግመው ተመላለሱ።

የምልልሱ ጥቅም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ስቴፋን ደርኮን የተባሉት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ የተመቱ ቤተሰቦች ዓመታት አልፈውም የፍጆታቸው ዕድገት ወደ ኋላ እንደቀረ አሳዩ። ዝናብ ስለመጣ ብቻ ረሃብ ያደረሰው ጉዳት አይጠፋም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ15ቱ መንደሮች መረጃ ላይ ሌላ ውጤት አወጡ። ቢያንስ አንድ ጊዜ በግብርና ልማት ሠራተኛ መጎብኘት የድሆችን ቁጥር በ9.8 የመቶኛ ነጥብ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ደግሞ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ ማድረጉን ጻፉ። በጀት የሚመድብ ባለሥልጣን ለመንገዱ ልስጥ ወይስ ለልማት ሠራተኛው ብሎ ሲያመነታ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ከአራቱ አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ጣሰው ዶክትሬታቸውን ከኔዘርላንድሱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ አግኝተው በአገር ቤት ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የኖሩ ናቸው፤ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ደርኮን በበኩላቸው የእንግሊዝ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ዋና ኢኮኖሚስት ሆኑ። በገጠር መንደር መጠይቅ የጀመረ ሙያ የት ድረስ እንደሚያደርስ የሁለቱ ሕይወት ያሳያል።

ሌላዋ ምሳሌ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። ለዶክትሬት ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያና በውስጡ ያለውን የደላላ ሚና ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ጥሩ ምርት ተሰብስቦ የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ድርቅ ገባና ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠየቀ። ትርፍ ያለውን ገበያ ከተራበው ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት አለመኖሩ እሌኒን ወደ ተግባር መራቸው። በኢፍፕሪ ተመራማሪ ሆነው የሠሩት ሥራ መሠረት ሆኖ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ እሳቸው ነበሩ።

ይሁን እንጂ ለቡናና ለሰሊጥ የበጀው መፍትሔ ለላንቴ እንዳለ አይሠራም። ሰሊጥ ደረጃ ወጥቶለት መጋዘን ውስጥ ዋጋ እስኪሻሻል ሊቆይ ይችላል። የተቆረጠ ሙዝ ቀን አይሰጥም። ገበሬው ከተቆረጠ ዘለላ አጠገብ ቆሞ ሲደራደር ጊዜው የነጋዴው ነው። ስለዚህ የላንቴ ተመራማሪ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ማሸጊያ፣ ማብሰያ ቤቱ ለአምራቹ ቢቀርብ ስለሚሆነው፣ ማኅበሩ በራሱ መኪና ቢያጓጉዝ ስለሚያተርፈውና ስለሚያጣው አዲስ ስሌት መሥራት አለበት።

የውሃውም ነገር አለ። የአባያን ዳርቻ ቆላ የሚያጠጡት እንደ ሐሬ ያሉ ወንዞች ከጋሞ ደጋ የሚወርዱ ናቸው። ሙዝ ውሃ ይወዳል፤ ከላይ ያለው ሲጠልፍ ከታች ያለው ይጎድልበታል። ደጋው ሲራቆት ደለሉ ቦይ ይደፍናል። ይህን የሚያጠና ሰው የወረዳውን የመስኖ ሰነድ ብቻ አንብቦ ሊረዳው አይችልም። የጋሞ አባቶች በዱቡሻ (በባህላዊው የሸንጎ አደባባይ) ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበትን ሥርዓትም ማወቅ ይኖርበታል፤ በወረቀት ያልሰፈረ ደንብ እዚያ ይገኛልና።

ወደ ሙያው መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ የግብርና ኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ምሁራን ያፈራው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለጋሞ ወጣት ቅርቡ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በውስጡ የግብርና ኮሌጅ አለው። ዩኒቨርሲቲ የሚቀጠር ሰው ከረዳት ምሩቅነት ተነሥቶ ወደ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ይወጣል። ስታቲስቲክስ የግድ ነው። ለወር ደመወዝ ሲባል ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም፤ ከማስተማር የተረፈው ጊዜ በመስክ፣ በመረጃ ማጥራትና በመጻፍ ያልቃል። መልካሙ ነገር የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት መረጃ በኢንተርኔት ክፍት መሆኑ ነው፤ አንድ የአርባ ምንጭ ተማሪ ገንዘብ ሳያወጣ ሊለማመድበት ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. የቤተሰብን ማዕድ ለማሟላት ያለመው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ የሆነው አርባ ምንጭ ላይ ነበር። ወተት፣ እንቁላልና ማር በየቤቱ ምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ ከመርሐ ግብሩ በፊት የነበረውን መረጃ የያዘ፣ ከዚያም ወደነዚያው ቤቶች የሚመለስ ተመራማሪ ያስፈልጋል። በዶማ የተሠራው ይህን የመሰለ ምልልስ ነበር። በላንቴም ሊሠራ ይገባል።

የዘርፉ ትልቁ ድክመት ውጤቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ገበሬው ሰዓታት ሰጥቶ ለመጠይቅ ይመልሳል፤ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፣ ተመራማሪው ማዕረግ ያገኝበታል፣ ላንቴ ግን ወሬው አይደርሳትም። የሙዙን ዋጋ ከማሳ እስከ ቸርቻሪ የተከተለ ጥናት በሁለት ገጽ አማርኛ ተጠቃሎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ፣ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በጋሞኛ ቢነበብ፣ አባላቱ በሚቀጥለው የሽያጭ ውል ላይ የትኛውን ወጪ ማን መሸፈን እንዳለበት ቁጥር ይዘው መከራከር ይችላሉ።