እሳት የማይነካው የለውዝ ጣፋጭ

የባቢሌ ለውዝ ለድሬዳዋ ገበያ ቅርብ ስለ ሆነ፥ በሳቢያን ሠፈር የሚኖር ቤተሰብ ለልጆቹ የለውዝና የካካዎ ጣፋጭ በቤቱ ለመሥራት አይቸገርም። ተቆልቶ የተፈተገ 2 ኩባያ ለውዝ ዘይቱ እስኪወጣ ይወቀጣል፤ ግማሽ ኩባያ ማርና 3 ማንኪያ የካካዎ ዱቄት ከተጨመረበት በኋላ፥ እስኪጠጥር ድረስ በበሶ ይለወስና ይድቦለቦላል። ቸኮላታ አቅልጦ መቀባትስ ለደጋ አገር ይሁን፤ የካካዎ ቅባት በሰውነት ሙቀት የሚቀልጥ ነውና የድሬዳዋን ቀትር አይችልም።

ጣፋጩ ከተለወሰ በኋላ እሳት ስለማያገኘው ንጽሕናው አስቀድሞ መጠበቅ አለበት። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃውም ደረቅ ይሁን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የለውዙ ለቀማ ነው። በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የተባሉ የቤት አእዋፍ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር በተመገቡት የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ተገኘ፤ ስሙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጐዳል፤ ለብዙ ጊዜ ሲበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። ቁላት ሻጋታውን ቢገድልም መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተው፥ የጠቈረውና የተጨማደደው ፍሬ ከመቈላቱ በፊት ተለቅሞ ይጣል። «ተወቅጦ ማን ያየዋል» ብሎ ግርዱን ከደኅናው መቀላቀል ክፉ ልማድ ነው።

ማር ስላለበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ። መምህራንም በክፍል ከማደላቸው በፊት ለውዝ የማይስማማው ልጅ መኖሩን ይጠይቁ። የተጣለውም ፍሬ ለላም አይቅረብ፤ መርዙ በወተቷ ይመለሳልና።