ጥርስን የሚበላው ማን ነው?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የጥርስ ሕመም እንቅልፍ የነሣው ሰው «ጥርሴን ትል በላው» ቢለን አንደነቅም። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ባቢሎናውያንም ስለ ጥርስ ትል በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ታዲያ የሚበላው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1683 ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ ማይክሮስኮፕ ቢመለከት የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ሕያዋንን አየ። ዛሬ በሰው ልጆች አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች መገኘታቸው ይታወቃል። አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። ቦታውን ቀድመው በመያዝ በሽታ አምጪዎችን መጠጊያ ያሳጣሉ፤ አንዳንዶቹም የአሲድን ኃይል የሚያለዝብ አሞኒያ ያመነጫሉ።

ባክቴሪያዎቹ በጥርስ ላይ ተጣብቀው ፕላክ የሚባለውን ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ጣፋጭ ነገር ስንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስና መሰሎቹ ስኳሩን አብላልተው ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። የፕላኩ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌት ከጥርሱ ጠንካራ ልባስ፣ ከኢናሜል፣ እየሟሙ ይወጣሉ። ምራቅ አሲዱን አለዝቦ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ለዚህም ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ ወሳኙ የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ነው። የደጋው ብርድ ሻይ ያስወድዳል። አራት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ቀኑን ሙሉ እየከፋፈለ የሚጠጣ ተማሪ ጥርሱን አራት ጊዜ ለአሲድ ያጋልጣል፤ ሻዩን ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ግን ለምራቁ ፋታ ይሰጣል። የገብስ ቆሎ በበኩሉ ብዙ ስለሚታኘክ ምራቅን ያመነጫል።

የትሉ እምነት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው በሕፃናት ላይ ነው። ሕፃን ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ድዱን በስለት ከፍቶ «ግግ» ማውጣት በአገራችን የቆየ ጎጂ ልማድ ነው። የሚወጣው ለስላሳ ነገር ትል ቢመስልም ገና ያልበቀለ የጥርስ እንቡጥ ነው። ተቅማጡ በዚህ አይድንም፤ ይልቁንም ቁስሉ ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባበት በር ይሆናል።

ውድ አንባብያን፣ አፋችንን ከባክቴሪያ ነፃ ማድረግ አንችልም፤ አያስፈልገንምም። የሚያስፈልገው ሚዛናቸውን መጠበቅ ነው። ከወይራ ወይም ከልምጭ የሚቆረጠው መፋቂያ በጥንቃቄ ከተጠቀሙበት ፕላክን ያነሣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 ልማዱ ባለባቸው አገሮች አጠቃቀሙን አበረታቷል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ደግሞ ኢናሜልን ያጠነክራል። ታናናሾቻችንን ግን ከስለት እንጠብቃቸው፤ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የምንወስደው ወደ ጤና ጣቢያ ይሁን።